ማን ይግባ? ማንስ ይውጣ? ጠብ ሳይነሳ የካራክተር ዝርዝር ማውጣት

ጅማ ላይ ሐምሌ ገብቶ መብራት ሲጠፋ፣ ጌም ቤት ውስጥ የሚቀረው ጨዋታ አንድ ብቻ ነው። ክርክር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሁለት ቴሌቪዥንና አራት ጆይስቲክ ይዤ ነው የምሠራው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ መውጫ የላቸውም። ስለዚህ ይጨቃጨቃሉ። «ቴክንና ስትሪት ፋይተር ተቀላቅለው አንድ ጌም ቢሆኑ ማን ማን ይግባ?»

ሁለቱም የድብድብ ጌሞች ናቸው፤ ጥያቄውም ዝም ብሎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የስትሪት ፋይተር ሠሪ ካፕኮም በ2012 ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴክንን አውጥቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቴክን ሠሪ ናምኮ ደግሞ በ2010 የራሱን ቅልቅል እሠራለሁ ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ አልወጣም። እኛ ቤት ግን ያልወጣው ጌም በየክረምቱ አዲስ ዝርዝር ይወጣለታል።

ድሮ ክርክሩ በስድብ ነበር የሚያልቀው። አንዴ ጆይስቲክ ተወርውሮብኛል። አሁን መላ አግኝቼለታለሁ፤ እናንተም ሞክሩት።

መጀመሪያ ደብተር ያዙና ወንበር (የካራክተር ቦታ) ቁጠሩ። እኛ 20 ነው የምንለው። ቁጥር ካልተወሰነ ሁሉም ሁሉንም ያስገባል፣ ክርክርም አይኖርም። የኒንቴንዶ የድብድብ ጌም፣ የመጀመሪያው ስማሽ ብሮስ፣ በ1999 ሲወጣ 12 ካራክተር ብቻ ነበረው። በ2018 የወጣው አልቲሜት፣ በኋላ የተጨመሩት ሲቆጠሩ 89 ደረሰ። ያም ሆኖ የማሪዮ ጌሞቹ ዋሉዊጂ አልገባም! ረዳት ሆኖ ብቅ ይላል እንጂ መርጣችሁ አትጫወቱበትም። 89 ወንበር ተዘርግቶም ቆሞ የሚቀር አለ ማለት ነው።

ዋናው ሕግ ይኼ ነው፤ አንድ ሰው አስገባለሁ ያለ፣ ማንን እንደሚያስወጣ አብሮ ይናገራል። ይቺን ሕግ ካወጣሁ ወዲህ ጩኸቱ በግማሽ ቀንሷል። «ይግባ» ማለት ቀላል ነዋ። «የአንተን አውጥቼ የእኔን ላስገባ» ሲባል ግን ሰው ማሰብ ይጀምራል። እኔ ራሴ የቴክኑ ኪንግ ሰው ነኝ፤ ነብር የሚመስለውን የጃጓር ጭንብል ያጠለቀው ታጋይ። በእሱ ላይ የሚመጣብኝን አልወድም።

ሁለተኛው ነገር ጉልበት አይቆጠርም። ይኼን ካላላችሁ ሁልጊዜ አንዱ ተነስቶ «የድራጎን ቦሉ ጎኩ ዓለምን በአንድ እጁ ያፈርሳል» ይላል። ያፍርስ! እኛ ጌም ውስጥ ሲገባ የሁሉም ደም (ዕድሜው የሚለካበት መስመር) እኩል ነው። የስማሹ ዳይሬክተር ማሳሂሮ ሳኩራይ ጎኩን ገና በሩ ላይ ነው የመለሰው። እዚያ የሚገባው ከቪዲዮ ጌም የተወለደ ካራክተር ብቻ ነው። ጎኩ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ) ልጅ ነው። እኛ እንደዚያ አናጠብቅም። ቴክን 7 ከዞምቢ ድራማ ኔጋንን ከነዱላው ካመጣ፣ እኛ ምን ቤት ነን? ግን አስገቢው ሦስት ምት ይቁጠር፤ ከሩቅ ምን ይመታል፣ ከቅርብ ምን ያደርጋል፣ ሲይዝ እንዴት ይጥላል? መቁጠር ካልቻለ ይቀመጥ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ላይ ይቀመጣል።

እስካሁን ካየሁት ሁሉ ጥሩው ክርክር የኤሌናና የኤዲ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ፤ ከቴክኑ ኤዲ ጎርዶ ሌላ ነክቶ አያውቅም። የጆይስቲኩን ኤክስና ክብ ቁልፎች እየቀጠቀጠ ስንቱን ጉረኛ አስነስቷል። (በሱ ኤዲ የተሸነፈ ሰው ሁልጊዜ «ይኼ ጨዋታ አይደለም» ይላል።) አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ ኤሌና ትግባ አለች። ኤሌና ከጎረቤታችን ከኬንያ ናት፤ ከ1997 ጀምሮ ስትሪት ፋይተር ውስጥ አለች። ማን ይውጣ? «ኤዲ። ሁለቱም ካፖኤራ (ጭፈራ የሚመስለው የብራዚል ትግል) ናቸው፤ ለአንድ ስፖርት ሁለት ወንበር አይሰጥም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሾፌሩ ቡናውን አስቀመጠ።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ወዲያው ድምፅ አታስሰጡ። «ልዩነታቸውን አሳዩን» በሏቸው። ሾፌሩ ኤዲ በእጁ ቆሞ ከታች እየጠረገ እንደሚመጣ በቃሉ ዘረዘረ። ልጅቷ ደግሞ ኤሌና የራሷን ደም መመለስ እንደምትችል ተናገረች። ደሟን እየሞላች የምትሸሽና ሰውን እየጠረገ የሚያሳድድ፣ ጭፈራቸው አንድ ቢሆንም ጨዋታቸው ለየቅል ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ገቡ፤ የወጣው ደግሞ ጠበቃ ያልነበረው ፖል ሆነ። ምስኪን! ቴክን በተጀመረ ጊዜ የነበረ ሰው እኮ ነው።

አገር ቤት ደግሞ አይቀርም። አንዱ «አባ ጅፋር ይግቡ» አለ። ልቤ ወደደው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ አይደል ያለው? ግን ሦስቱን ምት ቁጠር ስለው ተያዘ። አባ ጅፋር እኮ ጅማን ያተረፉት ለምኒልክ ገብረው፣ ጦር ሳይማዘዙ ነው። ሳይዋጋ ያተረፈን ሰው ምን ኮምቦ (ተከታታይ ምት) እንሰጠዋለን? ስለዚህ እሳቸውን ትተን ጅሬንን መፋለሚያ ሜዳ አደረግነው። ከኋላ የእንጨት ሰገነቱ፣ ከታች ጅማ በጉም ተሸፍና። ካራክተር የማይሆን ሁሉ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ብዙ ጠብ ያበርዳል።

ድምፅ በወረቀት ይሁን። እጅ አውጡ ካላችሁ ትንንሾቹ ትልልቆቹን አይተው ነው የሚያወጡት። ኒንቴንዶም በ2015 ስማሽ ውስጥ ማን ይግባ ብሎ ሕዝቡን በድምፅ ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው የኪንግደም ኸርትስ ጌም ጀግናው ሶራ ነው፤ የገባው ግን በጥቅምት 2021። ስድስት ዓመት! ሶራ የዲዝኒ እጅ አለበት፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ድምፅ ብቻውን አያስገባም። እኛ ቤት ፈቃድ ስለማይጠየቅ በዚህ እንበልጣቸዋለን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ክረምት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ክርስቲያኖ ሮናልዶ ይግባ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ፊፋ በዚያኛው ቲቪ ነው» አልኩት። ሦስት ምት ልቁጠር ብሎ መለመን ሲጀምር እንኳ አላስጨረስኩትም። ደብተሩ ላይ ስሙን ጽፌ እያየ ሰረዝኩት።

ሚያዝያ 2025 ላይ ፌታል ፉሪ የሚባለው የድብድብ ጌም አዲሱ ወጣ። ሮናልዶ አለበት። ኳስ እየለጋ የሚፋለም ካራክተር ሆኖ! ጌሙን የሠራው ኤስ ኤን ኬ በሳዑዲው ሚስክ ፋውንዴሽን እጅ ያለ ድርጅት ነው፤ ሮናልዶ ደግሞ የሚጫወተው ለሳዑዲው አል ናስር። ይኼን ማገናኘት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ስለ ባለቤት ስሰብክ የምውለው እኔ ነኛ።

ልጁ ስልኩን ይዞ መጣ። ምንም አላለም፤ ቪዲዮውን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። አየሁት። ደብተሩን አወጣሁና ስሙን በእጄ መልሼ ጻፍኩ።

«እሺ» አልኩት፣ «ሕጉን ታውቃለህ። ማን ይውጣ?»

«ኪንግ፣ ጋሼ።»