የተበታተነ ማህበር በኦንላይን እንዴት ተሰብስቦ ይወስናል?

በኦንላይን ስብሰባ የተማረረ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው ኔትወርኩ ላይ ነው። ኔትወርክ ያስቸግራል፣ አልክድም። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ሲባባል አምሽቶ ያለ ውሳኔ የሚበተን ስብሰባ፣ ኔትወርኩ ቢስተካከልለትም ያው ያለ ውሳኔ ነው የሚበተነው። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚያወራው አየር ላይ መሆኑ ነው፤ ሁሉም ፊት የተቀመጠ አንድ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ቪዲዮውን እርሱትና ከጽሑፉ ጀምሩ።

እንበልና ማህበራችሁ የትውልድ ከተማችሁን ትምህርት ቤት ማደስ ፈልጓል። ግማሹ አባል አዲስ አበባ ነው፤ የቀረው ዋሽንግተን አካባቢ፣ ቴል አቪቭና ዱባይ። ያለው ብር ለሁሉም አይበቃም፤ ወይ ጣሪያው ይቀየራል፣ ወይ ወንበርና ጠረጴዛ ይገዛል፣ ወይ ውሃ ይገባል። ይህን ከጥሪው እስከ ቃለ ጉባኤው እንዴት እንደምትጨርሱት እንይ። የሚያስፈልጋችሁ ስልክ፣ ቢያንስ አንድ ኮምፒውተር፣ የጂሜይል አካውንትና ቴሌግራም ነው። ከኢንተርኔት ውጭ የምትከፍሉበት ነገር የለም።

መጀመሪያ፦ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?

የገንዘብ ያዥን ሪፖርት ለማንበብ ሰው አይሰበሰብም። ሪፖርቱን ግሩፑ ላይ ላኩት፤ ጥያቄ ያለው እዚያው ይጠይቅ። ሰው የሚጠራው ሐሳብ የሚለያይበት ጉዳይ ሲኖር ነው።

ቀጥሎ፦ ጥያቄውን ሰነድ ላይ አስፍሩ

ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ጎግል ዶክስን ከፍቶ አዲስ ሰነድ ይፍጠር። ከላይ ቀንና ሰዓት፣ ከሥሩ አጀንዳ። አጀንዳውን ግን «ስለ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉት፤ እንዲህ ያለ አጀንዳ ሰውን ከአንደኛ ክፍል ትዝታው ያስጀምረዋል። «በእጃችን ባለው ብር ከጣሪያ፣ ከወንበርና ከውሃ የትኛውን እናስቀድም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ አማራጭ ያገኛችሁትን ዋጋ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና ፎቶ አስገቡበት። ከዚያ ሦስት ባዶ ርዕሶች ተዉ፦ ሐሳቦች፣ ውሳኔ፣ ማን ምን መቼ ይሠራል። ቃለ ጉባኤያችሁ ይኸው ነው፤ ከስብሰባው በፊት ተጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ «ሼር» የሚለውን ተጫኑና ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ «ኮሜንተር» እንዲሆን ፍቀዱ፤ ያነባል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ጽሑፉን ግን አይነካም። «ኤዲተር» የሚለውን ለሰብሳቢውና ለጸሐፊው ብቻ ስጡ። ለሁሉም ከሰጣችሁ አንዱ ስልኩን ኪሱ ሲከት ግማሹን አጀንዳ ሊያጠፋው ይችላል። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለጥፉና ፒን አድርጉት፤ አለበለዚያ በ«እንዴት አደራችሁ» እና በበዓል ካርድ መሃል ተቀብሮ ይቀራል።

ሐሳብ ቀድሞ ይሰብሰብ፣ ስም ሳይጻፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማህበር የሚዘለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲል እና ስትሮቤ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ሐሳብ የሚያፈልቁ ሰዎች፣ በቁጥር እኩል ሆነው ለየብቻቸው ከሚያስቡት ያነሰ ሐሳብ እንደሚያመጡ አሳይተዋል። ዋናው ምክንያት ተራ መጠበቅ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ይረሳዋል፣ ወይም «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ይተወዋል። በዚያው በ1980ዎቹ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት ኮምፒውተር ያለበት የስብሰባ ክፍል ተሠርቶ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ስማቸው ሳይታይ ይጽፉ ነበር። ያን ጊዜ ለዚህ ልዩ ክፍል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ይበቃል።

እኛ ዘንድ ከተራው ሌላ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ጋሽ እከሌ «ጣሪያው ይቅደም» ካሉ በኋላ፣ ያውም ትልቁን መዋጮ ያዋጡት እሳቸው ከሆኑ፣ አዲስ የገባች ወጣት «ኧረ የሚብሰው ውሃው ነው» ለማለት አይቀላትም። ዝም ትላለች። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ግን ለጓደኛዋ ደውላ ሁሉንም ታወጣዋለች፤ ያ ሐሳብ መድረክ ላይ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት ጋሼም ይስማሙ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎግል ፎርም ክፈቱ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኢሜይል የሚሰበስበውን አጥፉ፤ ስም የሚጠይቅ መስመርም አታስገቡ። ጥያቄዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ የትኛው ይቅደም? ለምን? ያልታየ ነገር አለ? ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ላኩት፣ በዋዜማው ዝጉት። መልሱ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ፤ ጸሐፊው የሚመሳሰለውን አንድ ላይ እያደረገ «ሐሳቦች» ከሚለው ሥር ይገለብጠዋል። ማሳመርና ማለዘብ የለም፣ እንደተጻፈ ይግባ። ማህበሩ ትንሽ ከሆነ «ይቺ የእሷ አጻጻፍ ናት» የሚል አይጠፋም፤ ለዚህ መድኃኒቱ መልሱ በአንድ ሁለት መስመር እንዲያልቅ መጠየቅ ነው።

አማርኛ መተየብ ለሚከብዳቸው፦ የጎግል ኪቦርድ፣ ጂቦርድ የሚባለው፣ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። ማይክሮፎኑን ነክቶ መናገር ብቻ ነው። ጫጫታ ካለ ይሳሳታል፣ ቢሆንም ፊደል ከመልቀም ይቀላል።

ሰዓቱን በትክክል ቁረጡ

«ቅዳሜ በ3 ሰዓት» ብሎ መጥራት ጸብ መጥራት ነው። የማን 3 ሰዓት? የጠዋት ነው የማታ? በሐበሻ ነው በፈረንጅ? አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዱባይ 4 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ብርዳቸው ሲሆን ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በጋቸው ሲሆን 8 ሰዓት ይሆናል፤ አሜሪካኖቹ በማርች ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፉና በኖቬምበር ይመልሱታል። እስራኤልም ትቀያይራለች፤ በበጋዋ ከአዲስ አበባ እኩል ናት፣ በብርዱ ወቅት አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ይህን በጭንቅላታችሁ አታስሉ። ጎግል ካላንደር ላይ ቀጠሮ ፍጠሩ፣ የአዲስ አበባን ሰዓት ምረጡ፣ የአባላቱን ኢሜይል አስገቡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ባለበት አገር ሰዓት ይመጣለታል። ኢሜይሉን ለማይከፍተው ደግሞ፣ እሱም ብዙ ነው፣ የየከተማውን ሰዓት ዘርዝራችሁ ግሩፑ ላይ ጻፉ።

ለእንዲህ ያለ ማህበር ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው። እስራኤል እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ሰንበት የሚያከብሩትም ቅዳሜ ሲመሽ ስልካቸውን ይከፍታሉ። አዲስ አበባ ያሉት ግን በማግስቱ ቅዳሴ አለባቸውና ከአንድ ሰዓት በላይ አታስመሹዋቸው።

በምን እንነጋገር?

የዙም ነፃው 40 ደቂቃ ይሰጣል። ጎግል ሚት ከሦስት ሰው ጀምሮ 60 ደቂቃ ነው። ሁለቱም እስከ 100 ሰው ይይዛሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ የድምፅ ውይይት መክፈት ይቻላል፤ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላለው አዲስ ነገር ጫኑ፣ ይለፍ ቃል አምጡ የሚባል ጣጣ የለም። እኔ ቴሌግራምን እመርጣለሁ። የዙም 40 ደቂቃም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ወሬ የሚያበዛ ማህበር ውስጥ ከሰብሳቢው በላይ ይሠራል።

ካሜራ ይጥፋ። በድምፅ ብቻ አንድ ሰዓት ማውራት ወደ 30 ሜጋባይት ቢወስድ ነው፤ ቪዲዮ በመቶዎች ሜጋባይት ይበላል። «ፊት ሳንተያይ?» የሚል ይኖራል። ሰላምታ ላይ አንድ ጊዜ ተያዩና አጥፉት። ተራርቆ በኮምፒውተር አብሮ መሥራት ሲጀመርም ዋናው ፊት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ተመራማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሆኖ ሜንሎ ፓርክ የምትባል ሌላ ከተማ ካለ ባልደረባው ጋር በኮምፒውተር አብሮ ሲሠራ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር፤ የባልደረባው ፊት ስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር፣ የሚሠሩት ግን ሁለቱም በሚያዩት ጽሑፍ ላይ ነበር።

ኢንተርኔት ለሌላቸው አባል አንድ ሰው በሌላ ስልክ ደውሎ ስፒከር ላይ ያድርጋቸውና ወደ ስብሰባው ስልክ ያስጠጋው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ስብሰባው ሲጀመር

ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ እና ማይክ ያልዘጋውን የሚዘጋ፣ መግባት ያቃተውን የሚያስገባ አንድ ቀልጣፋ ልጅ። ጸሐፊው ያንኑ ልጅ አይሁን፤ ሁለቱም ሥራ ይበላሻል።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ሰነዱን ያንብብ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ቻሉት። አብዛኛው ሰው ቀድሞ እንደማያነብ እየታወቀ እንዳነበበ ቆጥሮ መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ቀጥሎ ሰብሳቢው ከተሰበሰቡት ሐሳቦች የሚጋጩትን ብቻ ያንሳ። የተስማማችሁበት ላይ ሰው ለምን ይናገራል? መናገር የፈለገ እጅ የማንሻውን ምልክት ይንካ፤ ሲጠራ ይናገር፤ ሲጨርስ ይዝጋ። ሽማግሌዎችን በመጨረሻ ጋብዙ። ክብር ነው ብላችሁ ንገሯቸው፣ ደግሞም ነው፤ ማሳረጊያው የእነሱ ይሆናል።

የሚባለውን ጸሐፊው እዚያው ይጻፈው፤ ሰው በስልኩ ሲጻፍ እያየ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ ወዲያው ይታረማል፣ ከወር በኋላ አይጨቃጨቅም። መብራት ጠፍቶበት የተመለሰም ሰነዱን አይቶ ይቀላቀላል እንጂ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሙልኝ» አይልም።

ድምፅ አሰጣጥ

ቴሌግራም ላይ «ፖል» ክፈቱና ሦስቱን አማራጮች አስገቡ። የመራጭ ስም እንዳይታይ የሚያደርገው በራሱ የበራ ነው፤ አትንኩት። አንድ ሙሉ ቀን ክፍት ይሁን፣ ኔትወርክ የከዳውም ይድረስበት። ከመክፈታችሁ በፊት ግሩፑ ውስጥ አባል ያልሆነ ሰው እንዳለ እዩ፣ የአንዱ የአክስት ልጅ መቼም አይጠፋም። ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነም ከደንባችሁ አይታችሁ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ

ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ኮሚቴው ይከታተለዋል» የሚባል ነገር አይኑር፤ የአንድ ሰው ስምና ቀን ይግባ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጉት፣ የውጪዎቹና የአገር ቤቶቹ አይምታቱ። ሲያልቅ የሊንኩን ፈቃድ ወደ ማየት ብቻ ቀይሩና በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ግሩፑ ላይ ለጥፉት። የጠፋ ወይም ማን እንደነካው ያልታወቀ ነገር ካለ ኮምፒውተር ላይ «ፋይል» ውስጥ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚል አለ፤ የድሮውን ከነሰዓቱ ያወጣል፣ ይመልሳልም።

የባንክ ሒሳብ ዝርዝርና የመታወቂያ ፎቶ እንዲህ ያለ ሰነድ ላይ አታስቀምጡ፤ ሊንክ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይሄዳል። የመጨረሻው ደግሞ ሰነዱ የማን ነው የሚለው ነው። በጸሐፊው የግል ጂሜይል ከተከፈተ፣ ጸሐፊው ሲለቅ ወይም ሲኮርፍ የማህበሩ መዝገብ አብሮት ይሄዳል። በማህበሩ ስም አንድ ጂሜይል ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ሰብሳቢውም ጸሐፊውም ይያዙ፣ የማስመለሻ ስልኩ የሌላ ሦስተኛ ሰው ይሁን። ምርጫ ባደረጋችሁ ቁጥር፣ ርክክቡ ሳይዘጋ፣ የይለፍ ቃሉም ስልኩም ይቀየር።