ስቴም ሴል ለመታከም ላሰባችሁ የድሬ ልጆች

ለእማዬ ጉልበት፣ ለአባዬ ስኳር ብላችሁ ውጭ አገር ላለ ክሊኒክ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ቆም በሉ። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት የሰውነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው። በደንብ የተረጋገጠው የስቴም ሴል ሕክምና በዋናነት ለደም ካንሰርና ለአንዳንድ የደም በሽታዎች የሚደረገው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። አንዱ መርፌ ለጉልበትም ለስኳርም ለዓይንም ይሆናል ካሏችሁ ሽሹ!

«የራስህ ሴል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም አይሸውዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ 3 ሴቶች ከገዛ ስባቸው የወጣ ሴል ዓይናቸው ውስጥ ተወግተው ብርሃናቸውን ክፉኛ አጥተዋል። ለሕክምናው የከፈሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ሴሉ ከየት እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚዘጋጅ፣ የአገሩ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለእናንተ በሽታ ፈቅዶት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። «ገና ጥናት ላይ ነው» እያሉ ብዙ ሺህ ዶላር ከጠየቁም ተጠራጠሩ። መልሱን ከዚራ በርጫ ላይ ሳይሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ለሚከታተላችሁ ሐኪም አሳዩት።