ክሎሪን ከመጨመርዎ በፊት ውሃውን ያጥሩት

ክሎሪን በውሃ ውስጥ ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርም የተባለውን ጎጂ ኬሚካልና መሰሎቹን ይፈጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.3 ሚሊግራም ነው። ይህን ፈርቶ ክሎሪኑን መተው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ተቅማጡ ይቀድማል።

በክረምት የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ሌሊቱን ይዝቀጥ። ጠዋት ዝቃጩን ሳያናውጡ የላይኛውን በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉ። ክሎሪኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ቆሻሻው ይበላዋል፣ መጠን ለመጨመር ይገደዳሉ፣ ተረፈ ምርቱም (ክሎሮፎርሙና መሰሎቹ) ይበዛል። ነጠላ የሟሟ ነገር አይዝም፤ ተጠልሎም የሻይ መልክ ካለው ሌላ ምንጭ ይፈልጉ።

ለ20 ሊትር ጀሪካን ሽቶ የሌለበት፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 0.8 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በሲሪንጅ ይለኩት እንጂ በግምት አያፍስሱ። 30 ደቂቃ ይቆይ። በመንዝና በደብረ ብርሃን ብርድ ክሎሪን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አንድ ሰዓት ይስጡት። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሙቀት ደግሞ ተረፈ ምርቱ ቶሎ ስለሚፈጠር ጀሪካኑ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ውሃውም በዕለቱ ይጠጣ። በረኪናውም ፀሐይ አይንካው፤ ሲቆይ ይደክማል፣ ክሎሬት የተባለ ሌላ ጎጂ ኬሚካልም ይፈጥራል።