ድንበር ሲጣስ፦ በስትራቴጂ ጌም ከኮምፒውተር ጎረቤት ጋር የመደራደር መመሪያ

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ካፌዎች ላፕቶፕ ዘርግተው ሲቪላይዜሽን የተባለውን አገር የመገንባት ጌም የሚጫወቱ ወጣቶችን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ከተማ ሲቆረቁሩ፣ ቴክኖሎጂ ሲመርጡና ጦር ሲያሰልፉ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ደቂቃዎች ይሰጣሉ፤ የጎረቤት መሪ ብቅ ብሎ «ሠራዊትህን ከድንበሬ አርቅ» ሲላቸው ግን ጽሑፉን አንብበው ሳይጨርሱ የመጀመሪያውን መልስ ይጫናሉ። በኋላ ለሚመጣባቸው ጦርነት ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያ መልስ ነው። ስለዚህ ክስ ሲቀርብብን ምን እንደምንመልስ፣ ጎረቤት የእኛን ድንበር ሲጥስ ምን እንደምናደርግና ድንበር የመክፈትን ስምምነት እንዴት እንደምንጠቀምበት በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የኮምፒውተሩ ጠባይ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መሪ ቢቆጣም ቢስቅም፣ ከጀርባው ያለው ስሌት እንደ ሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ የተሰጠውም የተወሰደውም በቁጥር ይመዘገባል። በሲቪላይዜሽን 6 የመሪውን ገጽ ከፍተው የግንኙነት ዝርዝሩን ሲያዩ፣ ስለ እርስዎ ያለው አስተያየት በየምክንያቱ ተከፋፍሎ፣ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ተለይቶ ያገኙታል። ከማንኛውም ድርድር በፊት ይህን ዝርዝር ማንበብ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ምክንያቶች ላይታዩ ይችላሉ፤ ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስነው ስለዚያ አገር ያለዎት የመረጃ ደረጃ ሲሆን፣ ይህም ልዑክ በመላክ፣ ኤምባሲ በመክፈትና የንግድ መስመር በመዘርጋት ከፍ ይላል። ልዑክ 25 ወርቅ ያስወጣል፤ መሪውን ባገኙበት ተራ (ጨዋታው በየተራ በሚካሄድ ዙር የተከፋፈለ ነው) ወዲያውኑ ቢላክ የመቀበሉ ዕድል ሰፊ ነው፣ ከዘገየና ግንኙነቱ ከሻከረ ግን ሊመልሰው ይችላል። በኋላ ኤምባሲ በ50 ወርቅ ይተካዋል።

ቀጥሎ፣ በሚጫወቱት ጌም ውስጥ ድንበር ምን ማለት እንደሆነ ይለዩ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ተከታታይ ጌሞች እንኳ በዚህ ጉዳይ በጣም ይለያያሉ። በባህል የሚሰፋ ድንበር ወደ ሲቪላይዜሽን የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሦስተኛው ጌም ነው፤ በዚያ ጌም ግን ድንበሩ መስመር ብቻ ስለሆነ ማንም ሊሻገረው ይችላል፣ ቅጣቱም የሚመጣው በንግግር ነው። በአራተኛው ጌም የክፍት ድንበር ስምምነት የሌለው ሠራዊት ጦርነት ካላወጀ በስተቀር ጭራሹኑ አይገባም። በስድስተኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ሁሉም እንደልቡ ይዘዋወርና፣ ባለቤቱ ኧርሊ ኢምፓየር የተባለውን ሲቪክ (እንደ ቴክኖሎጂ የሚጠና፣ ግን በባህል የሚገኝ ዕድገት) ሲጨርስ ድንበሩ ይዘጋል። ነጋዴዎችና የሃይማኖት ሰባኪዎች ከዚያም በኋላ ያልፋሉ።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው ድርጅታቸውን ከመሠረቱ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በካይሮ ነፃነት ሲያገኙ የነበረውን ድንበር ለማክበር ተስማምተዋል። በጌም ዓለም እንዲህ ያለ የተወረሰና የረጋ ድንበር የለም። ትናንት የማንም ያልነበረ ሜዳ ዛሬ የጎረቤት ይሆናል፣ እዚያ ያቆሙት ቃኚም መውጫው ተዘግቶበት ሊቀር ይችላል። ቃኚዎን ከባዕድ ከተማ አጠገብ አቁመው አይርሱት፤ የጎረቤት ድንበር ሊሰፋ የሚችልበትን አቅጣጫ እየተመለከቱ በየጊዜው ያንቀሳቅሱት።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ። መሪው ሠራዊትዎ ተጠግቶኛል ሲል በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን የሚቀርቡልዎት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ማለፊያችን ስለሆነ ነው ማለት ወይም ጦርነት ማወጅ። በስድስተኛው ደግሞ ሠራዊቱን ለማራቅ ቃል ይገባሉ ወይም እምቢ ይላሉ። ጥያቄው መልስ ከመስጠትዎ በፊት ለራስዎ የሚቀርብ ነው፤ በሚቀጥሉት ተራዎች ይህን ጎረቤት የመውጋት ሐሳብ አለዎት ወይስ የለዎትም? ከሌለዎት ቃል ይግቡና ሠራዊቱን በዚያው ተራ ከድንበሩ ያርቁ፤ ነገ አደርገዋለሁ ማለት ቃሉን ማስረሻ ነው። የመውጋት ሐሳብ ካለዎት ግን ቃል መግባት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። በአምስተኛው ጌም የፈረሰ ቃል የሚያስቀይመው ተበዳዩን ብቻ ሳይሆን የሰሙትን መሪዎች ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የስድስተኛው ጌም ማስፋፊያም ቃል ማፍረስ ቂም ሆኖ በቁጥር ይመዘገባል፤ ይህ ቂም እስኪበርድ ድረስ ሌሎች መሪዎች ስለ እርስዎ ያላቸውን አስተያየት ይጎዳል። በግልጽ እምቢ ብሎ መዋጋት ዋጋ ቢያስከፍልም ከሐሰተኛ ቃል የተሻለ ነው። ጀማሪ ከሆኑ መልሱን ከመጫንዎ በፊት ጌሙን ሴቭ ያድርጉና ሁለቱንም መልሶች ሞክረው በዝርዝሩ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ያስተያዩ፤ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ጎረቤት የእኛን መሬት ሲረግጥ ነገሩ ይገለበጣል። በሦስተኛው ጌም በጣም የተለመደው፣ አንድ ሰፋሪ፣ ማለትም አዲስ ከተማ የሚቆረቁር ቡድን፣ በጦረኛ ታጅቦ በእርሻችን መካከል እያቋረጠ ከእኛ ኋላ ወዳለው ባዶ መሬት መጓዙ ነው። የመጀመሪያው አቤቱታ ሲቀርብለት መሪው እወጣለሁ ይላል፤ በሚቀጥለው ተራ ካልወጣ «ውጣ ወይም ጦርነት አውጅ» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፣ ለመውጣት ከተስማማ ጌሙ ራሱ ሰፋሪውን አንሥቶ ከድንበር ውጪ ስለሚያስቀምጠው፣ የሚያርፍበት ቦታ ሲሄድበት የነበረው ባዶ መሬት ሊሆን መቻሉ ነው። በዚህ ጊዜ አቤቱታው መንገዱን አሳጠረለት ማለት ነው። ስለዚህ ሰፋሪው ገና ከራሱ አገር ጎን ሳለ አቤቱታውን ያቅርቡ፤ ዘልቆ ከገባ ግን ንግግሩን ትተው በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ሠራዊት በተርታ ያቁሙ፣ በሌላ አገር ሠራዊት የተያዘ ቦታ ላይ መርገጥ አይችልምና። ከሁሉም የሚሻለው ያንን ባዶ መሬት ቀድሞ መያዝ ነው።

በስድስተኛው ጌም የተዘጋ ድንበር ስለማይጣስ፣ መጠበቅ ያለብዎት በመስመሩ ዳር የሚከማቸውን ሠራዊት ነው። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። ተጫዋቹ ሦስት ከተሞች አሉት፤ በምሥራቅ የሮማው ትራጃን ይዋሰነዋል። በአንድ ተራ ሁለት ጦረኞች ከኮረብታው ሥር ይታያሉ፣ በሚቀጥለው ሦስት ቀስተኞች ይጨመራሉ፣ ከመሪው ሥዕል አጠገብ ያለው ምልክትም ወደ ቅሬታ ይለወጣል። ዝርዝሩ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ የተጫዋቹ ግዛት ማነሱ ሆኖ ይገኛል፤ ትራጃን በጠባዩ ሰፊ ግዛት የሌለውን ይንቃልና። እዚህ ላይ ወርቅ መስጠት ለጊዜው ያለዝብ ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አያነሣውም። የሚሻለው አዲስ ከተማ መቆርቆር ነው። ጎን ለጎን በመሪው የንግግር ገጽ ሠራዊቱን እንዲያርቅ ይጠየቅ፤ ቃል ገብቶ ካፈረሰ ቂሙ የሚመዘገበው በእርሱ ላይ ነው። በዚያው ተራ የድንጋይ ግንብ በድንበር ከተማዋ ይጀመር፣ ቀስተኛም ይግባባት፤ ግንብ ያላት ከተማ ራሷ ስለምትተኩስ ጥቂት ቀስተኞች ይበቋታል። ትራጃን ተጫዋቹን በይፋ ካወገዘው ደግሞ ከ5 ተራ በኋላ መደበኛ ጦርነት ማወጅ ስለሚፈቀድለት፣ ለዝግጅት የቀረው ጊዜ ያ ብቻ ነው ብሎ መቁጠር ይገባል።

የእያንዳንዱን መሪ ጠባይ ማወቅ ብዙ የድንበር ጠብ አስቀድሞ ያስቀራል። ለእኛ አንባቢዎች ደስ የሚለው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ስድስተኛው ጌም የገቡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በኮምፒውተሩ እጅ ሲሆኑ ከተሞቻቸውን በኮረብታ ላይ መመሥረት ይፈልጋሉ፣ ኮረብታን የሚተውላቸውን ይወዳሉ፣ የሚሻማቸውን ይጠላሉ፤ አዲስ አበባን ከእንጦጦ ግርጌ ለቆረቆረ ንጉሥ የተገባ ጠባይ ይመስለኛል። ጎረቤትዎ እርሳቸው ከሆኑ ከተሞችዎን በሜዳና በወንዝ ዳር ያድርጉ።

ክፍት ድንበርን በነፃ የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን እንደ ሸቀጥ እንዲታይ እመክራለሁ። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ በጥቂት ወርቅ ይገዛዋል፣ በልውውጥም ይቀበለዋል። ለመስጠት ሲወስኑ ግን ተቀባዩ ከማን ጋር እንደተጣላ ይመልከቱ። በአራተኛው ጌም ከአንድ መሪ ቀንደኛ ጠላት ጋር የሚያደርጉት ንግድ ሁሉ በዚያ መሪ ዘንድ ስለሚቆጠርብዎት፣ ለደካማው ጎረቤት የዋሉት ውለታ የኃይለኛውን ቁጣ ሊያመጣ ይችላል። በስምምነቱ ሽፋን ገብቶ ከውስጥ መውጋት በሦስተኛው ጌም የሚቻል ሲሆን፣ የሚያጠፋው ስም ግን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አይታደስም፤ ከዚያ በኋላ የመተላለፊያ ውል የሚፈርምልዎት አያገኙም።

ላፕቶፑ ደካማ የሆነበት ሰው ይህን ሁሉ ሲቪላይዜሽንን በሚመስለውና በነፃ በሚገኘው ፍሪሲቭ በተባለ ጌም ሊለማመድ ይችላል። እዚያ ተኩስ አቁም 16 ተራ ብቻ ይቆያል፣ ወደ ሰላም ካልተሸጋገረ ጦርነቱ በራሱ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም ከውል በፊት ኤምባሲ መለዋወጥን ስለሚፈልግ ንግግሩን ከዚያ ይጀምሩ።

በስድስተኛው ጌም የክፍት ድንበር ስምምነት በመደበኛ ፍጥነት ለ30 ተራ ይጸናል። ሠራዊትዎ የጎረቤትን አገር አቋርጦ ሩቅ የሚዘምት ከሆነ የተፈረመበትን ተራ በወረቀት ይጻፉ፣ 25ኛው ተራ ላይ ሲደርስ ጉዞው ማለቁን ያረጋግጡ፤ ካላለቀም ስምምነቱ ባበቃበት ተራ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያድሱት።