ሰጋቱራው አልከስል ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ሲጮህ ይውላል፤ ማታ መጥረጊያ ሲነሳ የገዛችሁት ጣውላ ሲሶው ወለል ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ሰጋቱራ፣ ፍቅፋቂ፣ ቁርጥራጭ። ሰጋቱራ የሚለውን ስም ከጣሊያንኛ ነው የወረስነው። ምን እንደምናደርግበት ግን ማንም አልነገረን።

እኔ ከሰል ልሠራበት ስነሳ ቀላል መስሎኝ ነበር። በርሜል፣ እሳት፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ብርኬቶች፣ ማለትም ከከሰል ዱቄት ተጠቅጥቀው የተሠሩ ከሰሎች፣ ለጎረቤታችን ለአንዲት ትልቅ ሴትዮ ለቡና ሰጠኋቸው። ጀበናው ሳይፈላ ቤቱ በጭስ ታፈነ። «ልጄ፣ ከሰል ነው የሰጠኸኝ ወይስ እጣን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ እያበላሸሁ ነው።

በርሜሉ ሲከፈት ዳሩ ጠቁሯል፣ መሃሉ ቡናማ ነው

ይሄ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐዘን ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ እርጥበት ነው። አዲስ የተሰነጠቀ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ጉልበቱን ሁሉ ውሃ በማትነን ይጨርሳል፤ ለማክሰል የሚተርፈው ነገር የለም። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ዝገኑና ጨብጡ፣ ከዚያ ልቀቁት። ኳስ ሆኖ ከቀረ ገና እርጥብ ነው። በጣቶቻችሁ መሃል እንደ ጤፍ ከፈሰሰ ደርቋል። ካልደረቀ ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ቀን ላይ ደጋግማችሁ አገላብጡት።

ሁለተኛው አሞላሉ ነው። ሰጋቱራ ብቻውን ሲጠቀጠቅ አየር አያሳልፍም፣ ሙቀትም ወደ መሃሉ አያስገባም። መፍትሄው ውድ አይደለም። የ200 ሊትር በርሜል ታቹን ብሱ፣ ድንጋይ ላይ አቁሙት፣ መሃሉ ላይ ክንድ የሚያክል ቀጥ ያለ አጣና ትከሉ። ሰጋቱራውን ከቁርጥራጭ እንጨት ጋር ቀላቅላችሁ በዙሪያው ሙሉ። ከዚያ አጣናውን እያሽከረከራችሁ ንቀሉት። የቀረው ቀዳዳ ጭስ ማውጫ ይሆናችኋል።

እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ መቼ እንደሚታፈን ጭሱ ይነግራችኋል። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ነው፤ አብዛኛው እንፋሎት ነው። ቆይቶ ይሳሳና ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ የታቹን ቀዳዳዎች በጭቃ ድፈኑ፣ ላዩንም ክደኑ። ቸኩላችሁ ነጩ ላይ ካፈናችሁት ጥሬ ይወጣል። ዘግይታችሁ ደግሞ አመድ ትዝቃላችሁ። ከ10 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ 2 ወይም 3 ኪሎ ከሰል ከወጣ በርቱ፣ ደህና ሠርታችኋል።

ሲከፈት ቀዝቅዞ የነበረው እንደገና ነደደ

ቸኩላችሁ ነው። ደቃቅ ከሰል ከላዩ የቀዘቀዘ ቢመስልም ውስጡ ፍም ይዞ ያድራል፤ አየር ሲያገኝ ይነሳል። እስከ ማግስቱ ተዉት። ስትከፍቱ አንድ ጆግ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ያወጣችሁትን ያኔውኑ በማዳበሪያ ሞልታችሁ ቤት ውስጥ እንዳታሳድሩ።

ብርኬቱ እጅ ላይ ይፈረካከሳል

ብዙ ሰው ማጣበቂያ አነሰ ብሎ ይጨምራል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ማጣበቂያው ጥሬ መሆኑ ነው። የበቆሎ ወይም የካሳቫ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ቢጨመር ምንም አይዝም። እንደ ሙቅ እሳት ላይ መብሰልና መወፈር አለበት። ለ10 ኪሎ የከሰል ዱቄት ከግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ደረቅ ዱቄት ይበቃል። የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚያገኝ ሰው እሱንም መጠቀም ይችላል፤ መጀመሪያ ሲቀጣጠል ግን ያጨሳል።

ከሰሉን ወንፊት አሳልፉት። አንድ ትልቅ ፍርፋሪ ካለ ብርኬቱ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። ሊጡን ጨብጡት፤ ውሃ ሳይንጠባጠብ ኳስ ሆኖ መቆም አለበት። ማተሚያ ከሌላችሁ ሁለቱም አፉ የተከፈተ የድልህ ጣሳ ይበቃል፦ ሙሉት፣ በእንጨት ጠቅጥቁት፣ ገፍታችሁ አውጡት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አታስጡት! እኔ ሁለት ቀን የለፋሁበትን በአንድ የመጋቢት ቀን ፀሐይ አጥቼዋለሁ። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ። በክረምት እስከ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሳይደርቅ በጆንያ የታሰረ ይሻግታል፤ ዱቄት አለበትና።

ይጨሳል፣ ወይም አመዱ በዝቶ ቶሎ ይጠፋል

ከጨሰ ብርኬቱን ለሁለት ስበሩት። ውስጡ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ያልከሰለ እንጨት ገብቷል። የሴትዮዋ ቡና የተበላሸው በዚህ ነው። ጥቁር ሆኖ ቢጨስ ግን አልደረቀም ማለት ነው።

አመድ ሲበዛ ከሰሉን አትውቀሱ፣ መጥረጊያችሁን ጠይቁት። ወለሉ ሲሚንቶ ካልሆነ ከሰጋቱራው ጋር አፈር ይጠረጋል። አፈር አይነድም። መጋዙ ሥር ሸራ ማንጠፍ ከማንኛውም ወንፊት ይሻላል። ሸክላ አፈር እንደ ማጣበቂያ የሚቀላቅሉም አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሙቀቱን ይቀንሳል። እኔ ትቼዋለሁ። ብርኬቱ እሳት ለመያዝ ካስቸገረ መሃሉን በጣት ውፍረት ብሱት።

ጭስ የለውም ማለት ግን ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። ይሄም እንደ ማንኛውም ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ተዘግቶ በሚተኛበት ክፍል አይገባም።

ሰጋቱራው ለዶሮ ጉዝጓዝ ሲሆን

ዶሮ ቤቱ አፍንጫ ከሰነጠቀ፣ ዶሮዎቹም ካለቀሱ ጉዝጓዙ ረጥቧል፤ ኩሱ አሞኒያ እያወጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ውሃው የሚፈሰው ከመጠጫው ዙሪያ ነው። እርጥቡን ዝቃችሁ አውጡ፣ መጠጫውን ከፍ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ከሆነ የሻገተ ሰጋቱራ አንጥፋችሁ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሙሉ በሙሉ አውጡትና ባለሙያ ጥሩ። ከደቃቁ ሰጋቱራ ይልቅ የመላጊያ ፍቅፋቂ ይመረጣል፣ አቧራው ያንሳል።

ጎመኑ ቢጫ ሆነ

ጥሬ ሰጋቱራ ከአፈር ጋር ቀላቅላችኋል። ሰጋቱራ ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋሲያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማሉ፣ ጎመኑ ይራባል። ለአሁኑ ትንሽ ዩሪያ ወይም የበሰበሰ የዶሮ ኩስ ጨምሩ። ለሚቀጥለው ከፍግ ጋር ደራርባችሁ ለወራት አብስሉት።

ከኤምዲኤፍና ከቺፑድ የወጣው

ይሄን እስካሁን ለምንም አላደረግሁትም። ሁለቱም ከደቀቀ እንጨት በፎርማልዲሃይድ ሙጫ ተጣብቀው የተሠሩ ጣውላዎች ናቸው፤ ለከሰልም፣ ለዶሮም፣ ለአፈርም አይሆንም። ቀለም የተቀባ እንጨትና በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶም እንዲሁ። ችግሩ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም። ስለዚህ እኛ ጋ ለእሱ የተለየ ማሽንና አፉ በቀይ ገመድ የሚታሰር የተለየ ማዳበሪያ አለው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሽንት ቤቱን ሳናሳየው በፊት ይሄን ማዳበሪያ ነው የምናሳየው።