የቤት ኢንተርኔት ሲጎተትና ሲቆራረጥ ከየት እንጀምር?

ድሬዳዋ ከዚራ አክስቴ ቤት ኢንተርኔቱ ቀን ቀን ይቆራረጥ ነበር። ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይሻለዋል። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያማው መስመሩን ነው። ሞደሙን ፈልጌ ያገኘሁት ቡፌው ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው። ሳነሳው እጄን አቃጠለኝ። የአየር ቀዳዳዎቹ በአቧራ ተደፍነዋል። በድሬ ሙቀት ላይ ይሄ ተጨምሮበት እንዴት ይሥራ?

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ሞደሙን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉት። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡና መልሳችሁ አብሩት። መብራት ሲጠፋም ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ይበልጣል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ላፕቶፕ ከሞደሙ ጋር በኬብል አገናኙ። የሌሎቹን ስልኮች ዋይፋይ አጥፉ። ከዚያ ስፒድ ቴስት (የኢንተርኔቱን ፍጥነት የሚለካ ድረ ገጽ) ሥሩ። ጠዋት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይና ማታ 2 ሰዓት ላይ ደጋግማችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ማታ ብቻ ከወረደ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ስለገባ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጥቅሉ የሚነገረው በሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ ብዙ ጊዜ የምታዩት ግን ሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው በከንቱ ይናደዳል!

በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከተጎተተ ጥፋቱ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የአክስቴ ጓዳ እንዲያ ነበር፤ የድሮ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው። ሞደሙን ኮሪደሩ መሐል ስናዞረው ተስተካከለ። የቆርቆሮ ግድግዳና ውሃ የሞላ ሮቶም ሲግናል ይጋርዳሉ። ሞደማችሁ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ካለው፣ 5 ጊጋኸርዙን ቅርብ ላለ ስልክ፣ 2.4ቱን ራቅ ላለ ክፍል ተጠቀሙ። ጎረቤት ሲበዛ 2.4ቱ ስለሚጨናነቅ ቻናሉን (ዋይፋዩ የሚሄድበትን የሞገድ ቁጥር) በሞደሙ ሴቲንግ ውስጥ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይዞት ሊሆን ይችላል።

በኬብልም ከወረደ ግን መስመሩን ፈትሹ። የስልክ ሽቦ ከሆነ ስፕሊተሩን (መስመሩን ለስልኩና ለሞደሙ የሚከፍለውን ትንሽ ሳጥን) አውጡና ሞደሙን በቀጥታ ሰክታችሁ ሞክሩ። በረንዳ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ የዛገ ቅጥያ ካለ እሱን ጠርጥሩ። ፋይበር (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን ገመድ) ከሆነ ገመዱ በበር ወይም በሶፋ እግር ተጨፍልቆ፣ ተጣጥፎ እንዳይሆን እዩ። ሞደሙ ላይ ኤል ኦ ኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለምና ቴክኒሻን ጥሩ። የፋይበሩን ጫፍ በዓይናችሁ ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ ዓይን ይጎዳል።

ስትደውሉ ወረቀቱን ያዙ። «ኔትወርክ እምቢ አለ» ከማለት ይልቅ «በኬብል ጠዋት 9 ሜጋ ቢት፣ ማታ 2 ሜጋ ቢት ነው፤ ስፕሊተሩን አውጥቼ ሞክሬያለሁ» በሉ።