መብራቱ ከጠፋ በኋላ፦ የጨለማን ፍርሃት በአስተውሎት ማለዘብ

ጨለማን መፍራት የልጆች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ ለማንም ሳይናገሩ መብራት አብርተው ወይም ቴሌቪዥን ከፍተው የሚተኙ አዋቂዎች ጥቂት አይደሉም። መብራቱ የዚያችን ሌሊት ጭንቀት ያቃልላል፤ ነገር ግን አእምሮ በሰላም ያደረው መብራቱ ስለበራ እንደሆነ አድርጎ ስለሚይዘው፣ ፍርሃቱ በማግስቱ እንደነበረ ይጠብቀዋል። አስተውሎት፣ ማለትም አሁን የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚዳሰሰውን ሳይፈርዱ ልብ ማለት፣ በጨለማው ውስጥ በእርግጥ ያለውን ከግምት ለመለየት ይረዳል።

ልምምዱ የሚጀምረው አልጋ ላይ ከመውጣት በፊት ነው። በሩ መቆለፉን አንድ ጊዜ ብቻ ያረጋግጡ፤ ደጋግሞ መፈተሽ ጥርጣሬውን ይቀልባል እንጂ አያጠግበውም። ከዚያም ከመተኛትዎ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድመው የክፍሉን ብርሃን ያደብዝዙ። ከደማቅ ብርሃን ድንገት ጨለማ ውስጥ የገባ ዓይን ለጊዜው የታወረ ያህል ነው፤ ብሌኑ ወዲያው ቢሰፋም፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የሬቲና (ከዓይን ኋላ በውስጥ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሕዋሳት በሚገባ እስኪላመዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በመካከሉ ስልክ ከፍቶ ማየት ይህን መላመድ ያበላሸዋል።

መብራቱን ሲያጠፉ ዓይንዎን ለመጨፈን አይቸኩሉ። በጀርባዎ ተኝተው ክፍሉ ቀስ በቀስ ሲገለጥ ይመልከቱ፤ መጀመሪያ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የቁም ሣጥኑ ጥግ፣ ከዚያም ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ካፖርት ይታያል። ካፖርቱ ቆሞ የሚያይዎት ሰው ከመሰለዎት አትኩረው አያፍጡበት። የሬቲና መካከለኛ ክፍል በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት ስለሌሉት፣ በቀጥታ የተፈጠጠበት ነገር ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ የጎደለውን ደግሞ ምናብ ይሞላዋል። ዓይንዎን ወደ ጎን ትንሽ ዘወር ቢያደርጉ ትከሻ የመሰለው ነገር መስቀያው እንደሆነ ይለያል። ይህችን ዘዴ ከሁሉም በላይ እመርጣታለሁ፤ ራስን በቃል ከማሳመን ይልቅ ዓይን ራሱ እንዲመሰክር ታደርጋለችና።

በድምፅም ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ከጣሪያው «ቋ» የሚል ድምፅ ሲመጣ በልብዎ «ድምፅ፣ አጭር፣ ከላይ» ይበሉ፤ «ሰው መጣ» የሚለው ሐሳብ ከተከተለ ደግሞ «ይህ ግምት ነው» ብለው ለብቻው ያስቀምጡት። ቀን የሞቀ ቆርቆሮና እንጨት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ብዙ ቤቶች በምሽት እንዲህ ይንቋቋሉ።

ልብዎ መምታቱን ካፈጠነ እንዲያቆም አይታገሉት። እስከ አራት እየቆጠሩ አየር በአፍንጫዎ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ፤ የረዘመ ትንፋሽ የልብን ምት ለማዝገም ያግዛል። ትንፋሹን መከታተል ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ። እነርሱ ትንፋሹን ትተው ተረከዛቸው ፍራሹን የነካበትን ቦታ፣ የብርድ ልብሱን ክብደትና የትራሱን ቅዝቃዜ በየተራ ልብ ቢሉ ይሻላቸዋል። ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በሐሳብ መዳሰስ፣ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን በጀመሩት የአስተውሎት ሥልጠና ውስጥ የሚገኝ ልምምድ ነው። ሐሳብዎ መቶ ጊዜ ቢሸሽ መቶ ጊዜ በቀስታ ይመልሱት፤ ልምምዱ ራሱ ይኸው መመለስ ነው።

ሙሉ ጨለማ በመጀመሪያው ሌሊት ከከበደዎት፣ ደብዛዛ ቀላ ያለ መብራት ከአልጋው ርቆ ይብራ፤ በየጥቂት ሌሊቱ ያርቁት። ፍርሃቱ ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ለወራት እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ልምምዱን ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ማድረግ ይገባል።

ለልጅ ሲሆን ነገሩ ያጥራል። አይሳቁበት፣ በግድም ጨለማ ውስጥ አይዝጉበት፤ በየምሽቱ አልጋ ሥር ጭራቅ መፈለግም እዚያ ሊኖር ይችላል ብሎ እንደ መመስከር ነው። ይልቅስ የሚወደውን አሻንጉሊት ሆዱ ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ይቀመጡና፣ ሲተነፍስ አሻንጉሊቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን በእጁ እየዳሰሰ በሹክሹክታ እንዲነግርዎት ያድርጉ።